ላስቲኩ ሳይወልቅ

ጥር ላይ ነበር። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ተዳፋት ላይ፣ የስካውት ልጆች ሐምሌ የተከሏቸውን ችግኞች ሊቆጥሩ ወጡ። የተተከለው 400 ነበር። ቆጠራው 61 ላይ አለቀ። ሌላው ደርቆ የቆመ እንጨት፣ በከብት የተነጨ ግንድ ወይም ባዶ ጉድጓድ ነው። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ስካርፏን እንዳሰረች ጎንበስ ብላ አንዱን የደረቀ ጽድ በሁለት ጣቷ ሳብ ብታደርገው ያለ ትግል ተነቅሎ መጣ። የመጣው ከነላስቲኩ ነው። ችግኝ ጣቢያ ውስጥ የበቀለበት ጥቁሩ ላስቲክ ታቹ አልተቀደደም፣ ጎኑም አልተሰነጠቀም።

ላስቲኩን በጥፍሯ ገለጥ አደረገችው። ሥሩ መሄጃ ቢያጣ እዚያው ውስጥ ሲዞር ከርሞ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሏል። የላስቲኩ አፈር ደርቆ ጡብ ሆኗል። የጉድጓዱ አፈር ግን ታች ገና እርጥበት ነበረው። ውሃ በአንድ ጣት ርቀት ላይ እያለ ነው በጥም የሞተው። ልጅቷ ቀና አለችና «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኳት ማለት ነው?» አለች።

የተሰጣት መልስ «አይደለሽም የኔ ልጅ» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ላስቲኩን አውልቂ ያላት ሰው አልነበረም። ግን መልሱ እንዳልበቃት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር፤ ለእኔም እስከ ዛሬ አልበቃኝም። እሷ ካልገደለቻት ማን ገደላት? ችግኙ ከጣቢያው ሲወጣ ደህና ነበር። ልጆቹም በዝናብ ተደብድበው፣ በጭቃ ተለውሰው፣ በደስታ ነው የሠሩት። በጎ ፈቃደኛ አልጠፋም፤ ያን ዕለት ከልጁ አዋቂው ይበዛ ነበር። ገንዘብም ተሰብስቦ ለቲሸርት፣ ለባነር፣ ለመኪና ኪራይና ለምሳ ወጥቷል። ሁሉም ነበረ። ያልነበረው ከመስከረም ወዲያ ያለው ሰው ነው።

ደቦ እና ወንፈል

ገበሬው ደቦንና ወንፈልን አይቀላቅልም። ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ይጠራል። የመጣውም አጭዶ ወይም አርሞ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ዕዳ የለበትም። ወንፈል ግን ዕዳ ነው። ዛሬ አንተ ማሳ ላይ የዋልኩትን ቀን በተራህ እኔ ማሳ ላይ ትከፍለዋለህ፤ ቀኑም ሰውየውም ይታወቃል። የቀረ ሰው ለምን እንደቀረ ይጠየቃል።

የክረምት በጎ ፈቃድ ሥራችን ከሞላ ጎደል ደቦ ሆኖ ቀርቷል። አንድ ቅዳሜ ይጠራል፣ ይወጣል፣ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ትንሹም ትልቁም ቡድን ሪፖርቱን የሚጀምረው «ይህን ያህል ተከልን» ብሎ ነው። መትከል ባይኖር የሚጸድቅም አይኖርም፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን ችግኝ የሚያድገው በወንፈል ነው። የአንድ ቡድን የክረምት ሥራ ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ጥር ላይ ተዳፋቱን ወጥቶ ሲቆጠር ይመስለኛል። እንዲህ ካሰብን ደግሞ የተከላው ቁጥር፣ የሚሰበሰበው ገንዘብና የሚፈለገው በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ይለወጣል።

ከውሃው ጀምሮ ወደ ኋላ

ስንት ችግኝ እንትከል የሚለውን መወሰን ያለበት ችግኝ ጣቢያው የሚሰጠን ብዛት ሳይሆን የካቲት ላይ ውሃ የሚያመላልሰው እጅ ነው። ዝናቡ መስከረም አጋማሽ ላይ ያበቃል። አፈሩ የያዘው እርጥበት እስከ ኅዳር ያቆየዋል። ከኅዳር አጋማሽ እስከ በልግ ዝናብ ድረስ አንድ ለጋ ችግኝ በየሁለት ሳምንቱ 4 ሊትር ያህል ውሃ ካገኘ ይሻገራል። 400 ችግኝ በአንድ ዙር 1,600 ሊትር፣ በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 80 ይፈልጋል። እስከ መጋቢት መግቢያ ስምንት ዙር ቢጠጣ 640 ጄሪካን ይሆናል። 28 ልጆች ያሉት ቡድን ይህን አይችልም። ስለዚህ ያ 400 የተባለው ቁጥር ገና ሐምሌ ላይ፣ ዶማው ሳይነሣ፣ የተፈረደበት ነበር።

120 ቢሆንስ? 480 ሊትር፣ 24 ጄሪካን ነው። የፈረስ ጋሪ እስከ 12 ጄሪካን ይጭናል፤ ሁለት ምልልስ ይበቃል። ስካውትነት እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዟ ብራውንሲ ደሴት ላይ ሲሞከር መሥራቹ ባደን ፓወል ልጆቹን ፓትሮል በሚባሉ አራት ትንንሽ ቡድኖች ከፍሎ ነበር የያዛቸው፤ አከፋፈሉ እዚህም ይሠራል። ለ28 ልጆች አራት ፓትሮል፣ ለእያንዳንዱ ፓትሮል ሰባት ልጅና 30 ችግኝ። የማን ፓትሮል ችግኝ የት ጋ እንዳለ ድንጋይ ተቀብቶ ይለያል። የካርቶን ምልክት አይሆንም፤ የልጆቹ ስም ተጽፎበት የነበረው ካርቶን ሁሉ በነሐሴ ዝናብ ሟሙቶ ነው የተገኘው።

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። በተዳፋት ላይ ለ12 ዓመት ልጅ ጀርባ አይገባም። ጋሪው ከሚያራግፍበት እስከ ችግኙ ያለውን መንገድ በባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን መሄድ ነው። የአንድ ፓትሮል ድርሻ 120 ሊትር፣ 24 ምልልስ ይሆናል። ለሰባት ልጅ ሲካፈል ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደርሰዋል፤ ማልደው ከወጡ ፀሐይ ሳይበረታ ያልቃል። ውሃውን በአንዴ መድፋት ግን ልፋቱን ቁልቁል መስደድ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑ ላይ በጋለ ምስማር አንድ ቀዳዳ ይበጅለትና፣ ታቹ ተቆርጦ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ይቀበራል። ውሃው ወደ ሥሩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቀዳዳው በአፈር እንዳይደፈን ክዳኑ ሥር እፍኝ ጠጠር ይነጠፍለታል።

ጉድጓዱ በግንቦት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በተከላው ጠዋት የተቆፈረ ጉድጓድ ሁልጊዜ ጠባብ ነው፤ ሰው ይደክመዋል፣ ወረፋ ይበዛል፣ ዝናቡ ይመጣል። 40 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ 64 ሊትር አፈር ይወጣዋል፤ ይህም ከ80 ኪሎ በላይ ነው። ይህን ለልጆች መስጠት አይገባም። አንድ ጠንካራ አዋቂ በግማሽ ቀን ከ10 እስከ 15 ጉድጓድ ያወጣል። እንግዲህ 120 ጉድጓድ ማለት አሥር ሰው፣ አንድ ጠዋት ነው። የበልግ ካፊያ ካረጠበው በኋላ፣ ግንቦት ላይ። የላይኛው ጥቁር አፈር ከጉድጓዱ በላይ በኩል፣ የታችኛው ደረቅና ቀላ ያለው ከጉድጓዱ በታች በኩል ለየብቻ ይከመራል። ለየብቻ የሚሆነው ሐምሌ ላይ ወደ ሥሩ ቀድሞ የሚገባው ለሙ የላይኛው አፈር ስለሆነ ነው።

ቦታውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የተዳፋቱ ግርጌ ሜዳ ስለሆነ ለሥራ ይመቻል፤ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ እዚያ ይተኛል፤ ውርጩ የሚያቃጥለው እዚያ ያለውን ነው። ከተረፉት 61 ችግኞች አብዛኞቹ ከተዳፋቱ ወገብ ላይ ነበሩ። ግርጌው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋልካ ነው፤ ነሐሴ ላይ ውሃ ያቁርና ሥሩን ያፍነዋል። ሌላ ቦታ ከጠፋ እነዋሪ ላይ ገበሬው መደቡን በእጁ ከፍ አድርጎ ውሃውን በቦይ እንደሚያሳልፈው፣ አፈሩን ጉብ አድርጎ ጉብታው ላይ መትከል ይሻላል። ለእንዲህ ያለ ደጋ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ አገራቸው ነው። ትሪ ሉሰርን ውርጭ ይችላል፣ ቶሎም ያድጋል፤ ግን በግና ከብት ፈልጎ የሚበላው እሱን ነው። ግራቪሊያ ለጋ ሲሆን ውርጭ ይጠብሰዋል።

ተከላው ከሐምሌ መግቢያ እስከ አጋማሹ፣ አፈሩ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርሶ ሲገኝ ነው። የጉድጓዱን ጎን በእንጨት ጫር አድርጎ ማየት ይበቃል። ችግኙ በዋዜማው ይጠጣል፤ ደረቅ ከሆነ ላስቲኩ ሲወልቅ አፈሩ ይፈርሳል፣ ሥሩ ራቁቱን ይቀራል። ሲጓጓዝ የሚያዘው ላስቲኩን ነው። በግንዱ አንጠልጥሎ መሸከም፣ ልጆች ሁሉ የሚያደርጉት ነው፣ ቀጫጭኑን ሥር ከአፈሩ ይነጥለዋል።

አሁን ወደዚያች ላስቲክ ልምጣ። ችግኙ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጋደም ይላል። የላስቲኩ ታች አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል በምላጭ ይቆረጣል፤ እዚያ ሥሩ ክብ ሠርቶ ስለሚገኝ የተጠማዘዘው አብሮ መቆረጥ አለበት። ቀጥሎ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ምላጩ በአንድ ፓትሮል አንድ ብቻ ነው፤ የሚይዘውም አዋቂ ነው። ችግኙ በሁለት እጅ ታቅፎ ይወርዳል። የግንዱና የሥሩ መገናኛ ከመሬቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ከተቀበረ ግንዱ ይበሰብሳል፣ ከወጣ ሥሩ ይደርቃል። የላይኛው አፈር ቀድሞ ይገባል፣ ከዚያ የታችኛው። በተረከዝ ይጠቀጠቃል። ከጫፉ ቀስ ተብሎ ሳብ ሲደረግ ከተንቀሳቀሰ አልተጠቀጠቀም። በመጨረሻ ከቁልቁለቱ በኩል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ትንሽ እርከን ይሠራለታል፤ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ እዚያ ይቆምና ይሰርጋል።

ላስቲኩ ኪስ ይገባል። መሬት ላይ አይጣልም። ፓትሮሉ ሲጨርስ መሪው 30 ላስቲክ ቆጥሮ ያስረክባል። 29 ከሆነ አንድ ችግኝ ላስቲኩን እንደለበሰ ተቀብሯል ማለት ነው፤ ዝናቡ እየወረደም ቢሆን ተመልሶ መፈለግ ነው። ከዚህ የረከሰ ቁጥጥር አላውቅም። ያ ሐምሌ ይህ ቆጠራ ቢኖር ኖሮ ልጅቷ ያን ጥያቄ አትጠይቅም ነበር።

ስለ ዝናቡ ቀን

የሐምሌ ደጋ ልጆችን ይዞ ለሚወጣ ሰው ቀልድ የለውም። መብረቁ ብልጭ ካለ በኋላ ድምፁ 30 ሳይቆጠር ከተሰማ ከተዳፋቱ ወርዶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ መግባት፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አለመመለስ። ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው። እንደ በረሳ ያለ ወንዝ የሚሻገር ከሆነ ላዩ ላይ የዘነበው ዝናብ ዘግይቶ እንደሚደርስ አይዘንጋ፤ ጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረው ውሃ ከሰዓት በኋላ ደራሽ ይሆናል።

ርሶ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ በተለይ ንግግሩ መጎተት ከጀመረ፣ እርጥቡን ልብስ ማውለቅና በደረቅ መጠቅለል ያስፈልገዋል፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይም ይሰጠዋል። ለዚህ የመንዝ ባና የሚያህል የለም። የበግ ጠጉር ስለሆነ ቢረጥብ እንኳ ሙቀት ይይዛል። ሁለት ባና ሁልጊዜ ደረቅ ላስቲክ ውስጥ ተጠቅልሎ መኪና ውስጥ ይቀመጥ።

ምግቡ በሶ ይሁን። ክረምት ላይ ማገዶው እርጥብ ነው፤ 28 ልጅ በባዶ ሆዱ ጭሱን ሲጠብቅ ጠዋቱ ያልቃል። በሶ እሳት አይፈልግም። ለአንድ ልጅ 150 ግራም ቢታሰብ 4 ኪሎ ከ200 ግራም ለሁሉም ይበቃል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የፍልሰታ ጾም ስለሆነ በዘይትና በጨው ወይም በስኳር ይበጠበጣል። የሚያስቀድሱና ዘግይተው የሚበሉ ልጆች ስላሉ በነዚያ ቀናት ከባድ ሥራ አይያዝ። ዓርብ ለጁምዓ የሚሄዱ ልጆችም ከመርሐ ግብሩ እንዳይጎድሉ ቀኑ ሲቆረጥ መታሰብ አለበት።

አጥሩ እረኛው ነው

አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ይለቀቃል። ሐምሌ ላይ ባዶ የነበረ ተዳፋት ታኅሣሥ ላይ የበግና የከብት ነው፤ ልማዱም የቆየ ነው። 120 ችግኝ በሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ሲተከል 750 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ ዙሪያው 110 ሜትር ገደማ ይሆናል። ድንጋይ ስለማይጠፋ በካብ እንጠረው የሚል ሐሳብ ቀድሞ ይመጣል። አንድ ሜትር ከፍታና ግማሽ ሜትር ውፍረት ያለው 110 ሜትር ካብ 55 ሜትር ኩብ ድንጋይ ነው፤ የልጆች ሥራ አይደለም። የእሾህ አጥር ይቀላል፤ ግን ለማገዶ ይወሰዳል።

የመንዝ ሰው ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል። የጓሳ ሣር፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። የቀድሞ አባቶቻቸው የአስቦና የጌራ ዘሮች ነን የሚሉት የመረጧቸው አለቆች ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል፤ ሲደርስ በአንድነት ይከፍቱታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለግጦሽ ይሆናል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እስካሁን እዚያ አሉ። ጓሳን ለዚህ ያደረሰው አጥር አልነበረም። መቼ እንደተዘጋ ሁሉም ያውቃል፤ ጥሶ የገባውም ይቀጣል።

ተዳፋቷ ላይ ከብት የሚጠብቁት ልጆች ከስካውቶቹ ጋር እኩያ ናቸው። ሐምሌ ላይ እኛ ተክለን ስንሄድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። አንድ ሰው እንኳ «ኑ» አላላቸውም። ይህን ሳስብ ከላስቲኩ እኩል ይቆጨኛል። ቦታውን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ሦስት ወይም አራት እረኛ በየፓትሮሉ ገብቶ፣ ስካርፉን አስሮ፣ የራሱን ችግኝ ቢተክል ከ110 ሜትር እሾህ ይበልጣል። ከወላጆቻቸው ጋር ደግሞ ንግግሩ ሰኔ ላይ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በግልጽ ይደረጋል፦ የትኛው ወገብ እንደሚዘጋ፣ ለስንት ዓመት፣ ሣሩ ታጭዶ ለማን እንደሚሆን። ሣሩን ለባለ ከብቶቹ መስጠት ቁልፉ ነው፤ የተዘጋ ቦታ ሣር በአንድ ክረምት ጉልበት ይደርሳል። ታጭዶ ከተወሰደ ደግሞ ለከብቱ መግቢያ ምክንያት አይኖርም።

አንድ ጋሪ ውሃ

ገንዘብ ማሰባሰቡም ከዚህ ይነሣል። ያለፈው ክረምት ገንዘብ ሁሉ ሐምሌ ላይ አለቀ። ለኅዳር አንድ ብር አልቀረም። ከዚያ ወዲህ የሚታየኝ መፍትሔ ዒላማውን በብር ሳይሆን በጋሪ መቁጠር ነው። ስምንት ዙር፣ በየዙሩ ሁለት ምልልስ፣ 16 ጋሪ ውሃ። ሰው «ለስካውት እርዱ» ሲባል ኪሱ ያለውን ሳንቲም ይሰጣል፤ «አንድ ጋሪ ውሃ ይግዙልን፣ ለ60 ችግኝ ለአንድ ዙር ይሆናል» ሲባል ግን የሚገዛውን ያውቀዋል። 16 ጋሪ ሳይሞላ ለቲሸርት አይወጣም።

ልጆች የሚሸጡት ነገር ሰው የሚፈልገው ይሁን። ቆሎ አያሳፍርም። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ ከተገኘ ሽክሸካው ይቀላል፤ ሌላው ገብስ ርሶ፣ በሙቀጫ ተሸክሽኮ፣ ደርቆ ነው የሚቆላው። አንድ ኪሎ ቆሎ ወደ 8 የውሃ ብርጭቆ ይሞላል። የሚሳሳተው የወጪው ስሌት ነው፤ የገብሱን ዋጋ ብቻ ቆጥረው ትርፍ አገኘን ይላሉ። ከሰል፣ የጥቅልል ወረቀት፣ የሽክሸካ ጉድለትና ልጆቹ የሚቀምሱት መቀነስ አለበት። መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ብቻ ቆልቶ፣ ሸጦ፣ ሁሉንም ጽፎ ማየት ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ቡሄና እንቁጣጣሽ የልጆች ቀን ናቸው። ሆያ ሆዬ ብሎ የተሰጠ ሙልሙልና ብር የልጁ ነው፤ ቡድኑ እጁን ባያስገባበት እመርጣለሁ። ለእንቁጣጣሽ ግን ልጆቹ በእጃቸው ሥለው የሚሸጡት የአበባ ሥዕል የቡድኑ ሊሆን ይችላል፤ ከበስተጀርባው «ለአንድ ጋሪ ውሃ» ተብሎ ይጻፍበት። ሲሸጡ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ አዋቂ በዓይኑ እያያቸው፣ ሳይመሽ። ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ዳር ለመኪና መሸጥ ግን ጭራሽ አይታሰብ፤ የክረምት ጉም ሲወርድ ሹፌሩ አያያቸውም።

ገንዘቡን ሁለት ሰው አብሮ ይቁጠረው፣ ማታውኑ፣ በደብተር። በአንድ ሰው የግል ቴሌብር ላይ የተጠራቀመ ገንዘብ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ሐሜት ያመጣል፤ ሐሜት ደግሞ በጎ ፈቃደኛውን ያባርራል። የገባውና የወጣው በወረቀት ተጽፎ ልጆቹ የሚሰበሰቡበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት።

ቀን ያለው ልመና

«በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን» የሚለው ጥሪ ሐምሌ ላይ መቶ ሰው ያመጣል፣ ኅዳር ላይ ማንንም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ መምህሩም ተማሪውም እረፍት ነው፤ ገበሬው ግን አረም ላይ ነው። ኅዳር ላይ ገበሬው አጨዳ ላይ፣ መምህሩ ክፍል ውስጥ። ስለዚህ ልመናው ቀን፣ ሰዓትና መሣሪያ ይኑረው፦ «ቅዳሜ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ጋሪውን ተቀብለው ጄሪካን የሚያወርዱ ሁለት ሰዎች»። አንድ ሰው በዓመት ከሁለት ቅዳሜ በላይ ባይጠየቅ ይመረጣል። ሁልጊዜ የሚጠራው ያው ደግ ሰው ነው፤ እሱም ሲደክመው ሥራው አብሮ ይቆማል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከልጆች ጋር ደግሞ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት አዋቂ ይኑር፤ አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻ አይሆንም።

ወቅት መሳሳት በችግኝ ብቻ አይደለም። የአረጋውያንን ቤት መጠገን በየክረምቱ ይያዛል። ነገር ግን በሐምሌ የተመረገ ጭቃ ሳይደርቅ ታጥቦ ይወርዳል፤ አሮጊቷም እርጥብ ግድግዳ ሥር ትከርማለች። ክረምት ላይ የሚሠራው የጣሪያ ፍሳሽና የቤቱ ዙሪያ ቦይ ነው፤ ምርጊቱ ለኅዳር ይቆይ። ጣሪያው ላይ የሚወጣው አዋቂ ብቻ ይሁን። ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ከነጎማው ይመታል፤ ሸለቆው ላይ የተመታ ምስማር ውሃውን በቀጥታ ወደ ቤት ያስገባል።

ዘንድሮ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 12 መስመር አለው። ስምንቱ ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት መግቢያ፣ አንድ ቅዳሜ እየዘለሉ። አራቱ የበልጉ ዝናብ ከቀረ የሚጨመሩ ናቸው። በየመስመሩ የፓትሮሉ ስም፣ ጋሪውን የከፈለው ሰው፣ የሁለቱ አዋቂዎች ስም ይሞላል። ያቺ ልጅ አሁን የፓትሮል መሪ ናት፤ ወረቀቱን የምትይዘው እሷ ናት፣ እርሳሱም በክር ታስሮ አጠገቡ ተንጠልጥሏል። ስምንቱ ሞልተዋል። ከአራቱ ሁለቱ ላይ እስካሁን ማንም አልተጻፈም።